የበዛወርቅ የብቻ ቀን

ቦንጋ ውስጥ ሰው ብቻውን የሚሄደው ሽንት ቤት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ትንሽ ከዘገየ «ምነው፣ ደህና ነህ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። መቃብር እንኳ የሚኬደው በአጃቢ ነው። እንግዲህ በዛወርቅ የተነሣችው ይህን ሕግ ልትጥስ ነው። አይ ድፍረት!

በዛወርቅን የማያውቅ ካለ ይወቃት። ከመናኸሪያው በላይ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ዳንቴል የምትሸጥ፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ባሏን የቀበረች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። ልጆቹ ሲሄዱ ቤቱ ጸጥ ይላል ብላ ነበር። ምን ሲደረግ! የእድሩ ድስትና ጭልፋ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጠው በእሷ ጓዳ ነው። ሰው ሲሞት በሯ ይንኳኳል፤ ሰው ባልሞተም ጊዜ «ለክርስትና ነው፣ አንዲት ድስት» የሚል ይመጣል። ድስት ሊወስድ የመጣ ሰው ደግሞ ቁጭ ሳይል አይሄድም። ቁጭ ካለ ያወራል፤ ካወራ ያመሻል። የእድሩን ወጥ ቤት ይዛ የሰፈሩን ሙታን ሁሉ ስትሸኝ ኖራ፣ አንዲት ቀን ብቻዋን ውላ አታውቅም። እግዜር ያሳያችሁ፤ አንዲት ቀን!

ነገሩን የጫረው አንድ ፎቶ ነው። ፀደንያ የምትባል የቱሪዝም ቢሮ ልጅ መጥታ «እትዬ፣ ፖስተር ልለጥፍ?» አለቻትና የሱቋ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ለጥፋባት ሄደች። ከዋጫ ወረድ ብሎ ያለ ፏፏቴ ነው፤ ነጭ ውሃ፣ አረንጓዴ ጫካ፣ ጥቁር ድንጋይ። የውጭ አገር ሰው ካሜራውን አንጠልጥሎ እየመጣ የሚያየውን፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ስታረጅ አላየችውም። ደንበኛው ሁሉ «ውሃው ሲያምር!» ይላል። በዛወርቅን የያዛት ግን ውሃው አልነበረም። ፎቶው ላይ ሰው የለም። አንድም ሰው! ድስት የሚጠይቅ፣ ቁልፍ የሚያስመርጥ፣ «ሰማሽ ወይ?» የሚል የለም። ክረምቱን ሙሉ ዚፕ እየለካች ያንን ባዶ ድንጋይ ስታይ ከረመች።

መሄዱ ቀላል ነው፤ በሚኒባስ ሺሺንዳን አልፎ ዋጫ መውረድ ነው። ወጪም የለውም፤ ዳቦና ሙዝ ከያዘች ይበቃታል። ችግሩ ምክንያት ማግኘቱ ላይ ነው። «ልዝናና ነው፣ ብቻዬን» ብትል ሰፈሩ ማታውኑ ይሰበሰባል። ገሚሱ «ታመመች» ይላል፣ ገሚሱ «በስተርጅና ወንድ ይዛለች» ይላል። የትኛው እንደሚሻል እንጃ። «ጅማ ለሕክምና» ብትል ሁለት አስታማሚ ይከተላታል። «ሠርግ» ብትል ለብሰው ይመጣሉ። አወጣች አወረደችና ለቅሶ ላይ ደረሰች። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማን ያቆመዋል? ማንስ «ለምን?» ይለዋል?

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ ያውም ሌላ ሰው የማይሳሳተውን። «እንዴት ብቻዋን ለቅሶ ትሄዳለች! እኛ የት ሄድን?» እያለች በየበሩ የምትሮጠው፣ መኪና የምታስቆመው፣ ሴቶቹን እንደ ጆንያ የምትጭነው ማን ሆነና? ራሷ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ሰፈሩን ስታሠለጥን ኖራ፣ መሠልጠኑን ረሳችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ስንቋን በዘንቢል ይዛ ወጣች። ጎረቤቷ አሚናት የሱቋን ደጅ ትጠርጋለች። የአሚናት ቤተሰብ ድሮ ከስልጤ ለንግድ የመጣ ነው፤ እሷ ግን የቦንጋ ልጅ ናት፣ ከበዛወርቅ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ጨውና በርበሬ ሲበዳደሩ የኖሩ።

«በዛዬ! ምነው በጠዋቱ? ነጠላሽስ?»

«አጎቴ… ዋጫ። ማታ ደወሉልኝ።»

«ያ አላህ! ዋጫ አጎት ነበረሽ እንዴ?»

«የሩቅ ነው፤ የእናቴ የአክስት ልጅ። ያን ያህል አይደለም። ሰው እንዳይቸገር ለማንም እንዳትነግሪ፤ ማታ እመለሳለሁ።»

አሚናት መጥረጊያዋን ጣለችና አቅፋት አለቀሰች። ለሩቅ አጎት! በዛወርቅ እንባዋን ጠረገችላት፤ እግሯ ግን አልቆመም። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት አሳምራ ታውቀዋለች። ግን እሷ መች ልታድር ነው? ማታ ትመለሳለች።

ሚኒባሱ ላይ ስልኳን አጠፋችና መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ያቺ የተዘቀዘቀች ነጠላ ግን አላስቀምጥ አለቻት። ሾፌሩ በመስተዋት አያትና ዘፈኑን አጠፋላት፤ እሷ ደግሞ ዘፈኑን ወዳው ነበር። ከኋላዋ የተቀመጡ አዛውንት «እግዜር ያጽናሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» ብለው ስለ ሞት ማውራት ጀመሩ፤ እስከ ሺሺንዳም አላቆሙ። ሺሺንዳ ላይ ሙዝ ሻጯ ነጠላዋን አይታ ሁለት ጣት ሙዝ መረቀችላት። በዛወርቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሐዘን ድምፅ ተቀበለች። አፈረች፤ ግን ሙዙ ደግሞ የበሰለ ነበር።

ዋጫ ወርዳ መንገዱን ጠየቀች፤ በቡና ማሳ መሀል፣ በጫካው ጥግ ጥግ ቁልቁል ሄደች። መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። ቀጥሎ ቅዝቃዜው ፊቷን ነካት። ከዚያ ዛፎቹ ገለል አሉና ውሃው ብቅ አለ። ፎቶው ዋሽቷል፤ ይሄ ከፎቶው ይበልጣል። ድንጋዩም አለ። ሰውም የለም።

በዛወርቅ ግራ ቀኟን አየች። ነጠላዋን ቀና አድርጋ ለበሰች። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ሁለት እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። ደስ አላት። ዝም ብሎ፣ ያለ ምክንያት፣ ደስ አላት። ዳቦዋን አውጥታ ልትቆርስ ስትል አፏ በልማድ «እንብላ!» አለ። ፏፏቴው አልመለሰላትም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚባለው ትዝ ሲላት ሳቀች፣ አንድ ሙዝም ደገመች። አንድ ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ አፍጥጦ ያያታል። «ድስት የለኝም!» አለችው። ሄደ። በሕይወቷ «የለኝም» ብላ የመለሰችው እንግዳ ይሄ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ዘፈነች። ግጥሙ ሲጠፋት «ላላላ» አለች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ማንም አልቀሰቀሳትም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ነው እንዴ፣ ብላ ተቆጨች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ፀጉሯ ቅጠል ይዞ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል እያንጎራጎረች ወደ ከተማው ወጣች።

መናኸሪያው ከመድረሷ በፊት ለቅሶ ሰማች። በዋጫ ሰው ቢሞት ምን ይገርማል፤ አልፋ ልትሄድ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል አንዱን አወቀችው። እንዲያ እንደ ፉጨት ቀጥኖ የሚወጣ ለቅሶ የአሚናት ብቻ ነው። በአጥሩ አጮልቃ አየች። ድንኳኑ የእድሩ ድንኳን ነው፤ የተቀደደውን ጥግ በቀይ ክር የጠቀመችው ራሷ ናት። እሳቱ ላይ የተጣደውም የእሷ ጓዳ ድስት ነው። ግማሽ ሰፈሯ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድሯል። ክው አለች።

የሆነው እንዲህ ነው። አሚናትን «ለማንም እንዳትነግሪ» ማለት ጡሩንባ ንፊ ማለት ነው። እሷም አልዘገየችም፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሮጠች። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቁርሳቸውን ትተው ተነሡ። «የሁላችንንም ሬሳ የሸኘች ሴት ብቻዋን? በሕይወት እያለን?» አሉ። ጡሩንባው ተነፋ። ትርፍ ቁልፉ አሚናት ዘንድ ነበርና ጓዳው ተከፈተ፤ ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ቆጮው ተጫነ፣ ቅጥቅጥ አውቶብስ ተገኘ። ዋጫ ደርሰው «የለቅሶው ቤት የት ነው?» ሲሉ መናኸሪያው ሁሉ በአንድ ጣት ጠቆማቸው፤ በዚያ ቀን በከተማው የነበረው ለቅሶ አንድ ነበርና። ሰተት ብለው ገብተው አለቀሱ። በዛወርቅን ሲያጧት፣ ስልኳም ዝግ ሲሆን «ሐዘን አናወዛት፣ መንገድ ላይ ወድቃ ይሆናል» ብለው ለእሷም ደርበው አለቀሱላት።

በዛወርቅ አጥሩን ይዛ ቆመች። ሹልክ ብላ ሚኒባስ ብትይዝ፣ ሰፈሩ ጫካ ለጫካ ሲፈልጋት ሊያድር ነው፤ ስትገኝ ደግሞ ውሸታም ተብላ፣ ጭልፋዋን ተነጥቃ፣ ስሟ አፈር ሊበላ ነው። ብትገባ በማታውቀው ሟች ልትቀልድ ነው። ወይ ጣጣ! ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀችና ገባች።

«መጣች! በዛዬ መጣች!» አለች አሚናት፣ ዘልላም አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ቀሚሷን እዩት! ወንዝ ልትገባ ነበር! ወላሂ ራሷን ልትጥል ነበር!»

«ፀጉሯን እዩት፣ መሬት ላይ ስትንከባለል ቆይታ ነው!» አለ ሌላው። ድንኳኑ በአዲስ ለቅሶ ተናጋ። በዛወርቅ እውነቱን ሁሉ ለብሳው መጥታለች፤ የሚያየው ሰው ግን የለም።

ከፊት ብቻዋን የተቀመጠች ጥቁር የለበሰች ልጅ ተነሥታ መጣች። የሟቹ የጋሽ ሣህሌ አንድ ልጅ ናት፣ ትህትና ትባላለች። የበዛወርቅን እጅ ይዛ ሳመችው።

«እትዬ፣ አባቴ ዘመድ አለኝ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም ነበር» አለች። «ሰው አይወድም እያሉ ያሙት ነበር። ብቻውን ጫካ ገብቶ ይውላል፤ ለቅሶም አይደርስም። እኔ… ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ጠዋት ስንቀብረው ሰው ትንሽ ነበር። ይኸው እርስዎ አውቶብስ ሙሉ ሰው ይዘው መጡ።»

«ጫካ ገብቶ ምን ያደርግ ነበር?» አለች በዛወርቅ።

«ምንም። ውሃውን ያያል።»

በዛወርቅ ያኔ አለቀሰች። ቧልት አልነበረበትም፤ ከአንጀቷ ነው። በዚህ ድንኳን ውስጥ ሟቹን የማያውቀው ሁሉ ሲያለቅስለት፣ ትንሽ የምታውቀው እሷ ብቻ ሆና ተሰማት። ሰውየው የሠራው ኃጢአት ይሄው ከሆነ፣ እሷም ዛሬ ከጠዋት ጀምራ ስትሠራው የዋለችው ነው። ሰፈሩም «አይ በዛወርቅ፣ አጎቷን እንዴት ብትወደው ነው!» እያለ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወጡ ሲወጣ አየችና ልማዷ ለቅሶዋን ቀደማት። «ምነው፣ ከላይ ከላይ ነው እንዴ የሚቀዳው!» ብላ ጭልፋውን ተቀበለች፣ ሰው ሁሉ እስኪበላም አልተቀመጠችም።

አውቶብሱ ወደ ቦንጋ ሲነሣ ገና አልመሸም። ከፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጧት፤ አሚናት አንድ ክንዷን ይዛለች። ጋሽ ተሰማ ወንበር ተደግፈው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰማችሁ ወገኖቼ። ከነገ ጀምሮ ድንኳኑ በበዛወርቅ ግቢ ይተከላል። ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ሴቶቹ ደግሞ በተራ አብረዋት ያድራሉ፤ እስከ አርባው ድረስ። በዛወርቅ፣ አይዞሽ። አንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻሽን አንተውሽም!»

«አንተዋትም!» አለ አውቶብሱ በአንድ ድምፅ።

እስከ አርባው! በዛወርቅ ከፊቷ ያለው ሁሉ ጨለመባት። ውሸቱን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ነበር፤ ሆዷ ግን ይሄን መሸከም አልቻለም።

«ሰውየውን አላውቀውም!» አለች።

«ማንን?»

«ሟቹን። አጎቴ አይደለም። ዋጫ አጎት የለኝም። ዛሬ ገና ነው ስሙን የሰማሁት።»

የአውቶብሱ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ።

«እና እኔ ማንን ነው ያለቀስኩት?» አለች አሚናት፣ ክንዷን ለቀቅ አድርጋ። «ድምፄ እስኪዘጋ!»

«ታዲያ ዋጫ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» አሉ ጋሽ ተሰማ። እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ድምፃቸው መምህር መምህር አለ።

«ፏፏቴ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። ብቻዬን መሆን አማረኝ፣ ጋሽ ተሰማ። ይማሩኝ። ብቻዬን ቁጭ ማለት አማረኝ፣ በቃ!»

የውሸቱን ነገር ሰፈሩ ይችለው ነበር፤ ማን የማይዋሽ አለ። ይሄኛውን ግን መዋጥ አቃተው። ጉምጉምታ ተነሣ። «ማን ምን አላት?» «ቅር ያሰኛት ሰው አለ» «ባለፈው ድስቱን ሳላጥብ መልሼ ነበር፣ እሱ ይሆን?» አሚናት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ምን አደረግሁሽ በዛዬ?» አለች። «ከእኔ ልትሸሺ ነው?» በዛወርቅ ይህን ስትሰማ ከፏፏቴው አናት ብትወድቅ ተመኘች። «አንቺማ ምንም፤ ማንም ምንም አላደረገኝ» ብትልም ማን ሰማት። ምንም ካላደረጓት ለምን ብቻዋን መሆን አማራት?

ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አንሥተው ጉምጉምታውን አስቆሙ። ከዚያ «በመጀመሪያ» አሉ፣ «ለዚያች ልጅ አንዲት ቃል እንዳትነገር። ሣህሌን አልቅሰንለታል፤ ከእንግዲህ የእኛ ነው። አርባውንም ሄደን እናወጣለን።» ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «በሁለተኛ ደረጃ… ሾፌር፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ።»

አውቶብሱ ዳገቱ አናት ላይ ቆመ። በአንድ በኩል ሣር ያለበት ጉብታ አለ፤ ከሥሩ የእንሰት ማሳ፣ ከዚያ ማዶ ጫካና የማታ ጉም። ሌላ ምንም የለም።

«ውረጂ» አሏት ጋሽ ተሰማ።

ሊጥሉኝ ነው አለች በልቧ። ይገባኛል። ተነሣችና ዘንቢሏን ይዛ ወረደች። ማንም «ቆዪ» አላላትም።

«ጋሽ ተሰማ፣ እዚህ ምን ልሁን?» አለች ከታች ሆና።

«ብቻሽን ነዋ!» አሉ፣ የተናደዱ መስለው። «አምሮሽ የለ? ሂጂና ጉብታው ላይ ቁጭ በይ። እንጠብቅሻለን።»

በዛወርቅ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አላወቀችም። ሄዳ ተቀመጠች፣ ጀርባዋንም ለአውቶብሱ ሰጠች። ከኋላዋ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሰማች። ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን አውጥቶ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሠራ ሊያይ ነው።

«ምን እያደረገች ነው?»

«ምንም። ተቀምጣለች።»

«ይበርዳታል! ጋቢ ውሰዱላት!»

«አትውሰዱ፤ ከወሰድንላት ብቻዋን አትሆንም!»

«ወርውሩላታ!»

ጋቢው ተወርውሮ ከኋላዋ ሣሩ ላይ አረፈ።

«ዝም በሉ እንጂ!» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ። «ብቻዋን ናት!»

ዝም አሉ። እውነትም ዝም አሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ ማውራት ሥራው የሆነ ሰው፣ ለእሷ ሲል ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። በዛወርቅ ጉሙን አየች። ፏፏቴው ላይ ያልመጣ እንባ መጣባት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ጨረስሽ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

«ገና ነኝ!» አለች፣ ሳትዞር።

ደግሞ ዝም ተባለ። ከዚያ የአውቶብሱ በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ፣ ነጠላ ጫማም ሣሩን እያሻሸ መጣ። አሚናት ናት። ጋቢውን ከመሬት አነሣችና ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፤ አፍራለች፣ ገና አኩርፋለች፣ ደግሞም ጓጉታለች።

«በዛዬ» አለች፣ «እኔም እዚህ ጎንሽ ብቻዬን ልሁን?»

በዛወርቅ ጠጋ አለችላት።